ምዕራፍ አራት፦ መጤ የሠራት ከተማ

መስቀል ሲቃረብ መርካቶ ይሳሳል። ዓመቱን ሙሉ ሳይጋፉ የማይታለፍበት መንገድ ይከፈታል፤ መዝጊያው ተከርችሞ ቁልፍ የተንጠለጠለበት ሱቅ ይበዛል። ወዴት እንደሄዱ የሚጠይቅ የለም። ባለሱቁ፣ ተላላኪው፣ ሚዛን ያዡ፣ ጥግ ላይ ሣጥኑን ይዞ የሚቀመጠው ሊስትሮ ሳይቀር አውቶቡስ ተራ ገብተው ወደ ጉራጌ አገር ወርደዋል። እዚያ ቅቤውና ቆጮው ተሰናድቶ፣ በሬው ተገዝቶ ይጠብቃቸዋል። ያላገባ ይታጭለታል፣ የተቀያየመ ይታረቃል፣ የአባት ቤት ጣሪያ ይጠገናል። በዓሉ አልፎ ሲመለሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብቻቸውን አይመጡም፤ የእኅት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ “እባክህ እዚያው ይማርልኝ” የተባለ አንድ ልጅ አብሯቸው አለ። ያ ልጅ ሱቅ ይጠርጋል፣ ዕቃ ይሸከማል፣ ማታ ይማራል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የራሱን ጠረጴዛ ይዘረጋል።

ይህን ነጋዴ ከተሜ እንበለው ወይስ የገጠር ሰው? መርካቶ ሱቅ አለው፣ ልጆቹ እዚሁ ተወልደዋል፣ ግብር ይከፍላል፣ በአንድ ሦስት ዕድር ውስጥ ስሙ አለ። ቢከስር የሚጠጋበት፣ ቢያተርፍ ቤት የሚሠራበት አገር ግን ሌላ ነው። ስለ ከተማ ዕድገት የሚጻፉ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሰው በመንገድ ላይ እንዳለ ተጓዥ ይቆጥሩታል፤ ዛሬ ገጠሬ፣ ነገ ከተሜ። እኔ ግን አዲስ አበባን የሠራት እንዲህ ያለው ሰው ራሱ ነው ባይ ነኝ። የሠራው ደግሞ ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አይደለም፤ ማንም የማያውቀው ሰው ከተማ ገብቶ የሚያበድረው፣ ተያዥ የሚሆነው፣ ሲሞትም የሚቀብረው ሰው የሚያገኝበትን ሥርዓት ነው። ቤት ማፍረስና መሥራት ቀላሉ ሥራ ነው። ያ ሥርዓት ከአንድ ቦታ ተነቅሎ ሌላ ቦታ መጽደቅ አለመጽደቁ ነው ከባዱ ጥያቄ።

አንዳንድ ቁጥሮችን እናስቀድም። (ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) በ1976ቱ የሕዝብ ቆጠራ አዲስ አበባ 1.4 ሚሊዮን ነዋሪ ነበራት፤ በ1987ቱ 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999ኙ 2.7 ሚሊዮን። በዚያው በ1999ኙ ቆጠራ ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ ሌላ ቦታ ተወልዶ የመጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተደረገም፤ በየጊዜው ሲራዘም ቆይቷል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ከተማዋ ሕዝብ ብዛት የሚነገረው ሁሉ ግምት ነው፤ አንዱ አራት ሚሊዮን ሲል ሌላው ከአምስት ሚሊዮን በላይ ይላል።

ከነዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። በ1997 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት የአዲስ አበባ ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 1.4 ልጅ ነበር። በዚያው ጊዜ የአገሪቱ አማካይ ከአምስት በላይ ነበር። በ2008ቱ ጥናትም የአዲስ አበባው 1.8 ብቻ ሆኖ ተገኘ። አንድ ትውልድ ራሱን ለመተካት ቢያንስ 2.1 ያስፈልገዋል። አዲስ አበቤው የሚያገባው ዘግይቶ ነው፤ የሚያገባበት ቤት ስለሌለው፣ ቤት የሚከራይበት ሥራ ስላላገኘ። እናም ይህች “ሕዝብ አጥለቀለቃት” የምትባል ከተማ፣ በሯን ዘግታ ለራሷ ብትተው ቀስ በቀስ የምታንስ ከተማ ናት። ልጅ የሚወልድላት ገጠሩ ነው። መጤ በዛ ብሎ የሚያማርረውም ሰው ቢሆን ሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ቢቆጠር ከመንዝ ወይም ከሰላሌ፣ ከጉራጌ ወይም ከወሎ መገኘቱ አይቀርም።

* * *

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ከእንጦጦ ወርደው በፍልውሃው አጠገብ ቤት ሲያሠሩ የተቆረቆረው እንደ ዛሬው ያለ ከተማ አልነበረም፤ የጦር ሰፈር ነበር። አጼ ምኒልክ በመካከል፣ መኳንንቱ በየአቅጣጫው፣ በእያንዳንዱ መኳንንት ዙሪያ ደግሞ ወታደሩ፣ ጋሻ ጃግሬው፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ጠጅ ጣይዋ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚባሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ትራፊ ናቸው። ሀብታምና ድሃ በአንድ ግቢ አጥር ሥር የሚኖርበት የአዲስ አበባ ልማድም ከዚያ የወጣ ነው። ጌታው ያለ ሎሌው ስለማይኖር፣ ትልቁ ግቢ በጎጆ ተከቦ ነበር የሚገኘው። ቦታው ግን ባዶ አልነበረም። የቱለማ ኦሮሞ ባላገሮች ያርሱበትና ከብት ያግዱበት የነበረ አገር ነው፤ የከተማው መስፋፋት እነሱን እየገፋ ነው የጀመረው። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን።

ሰፈሩ ከተማ ለመሆን ሲቃረብ ሊሞት ምንም አልቀረውም ነበር። እንጨት አለቀ። ለማገዶም ለቤትም የሚቆረጠው ዛፍ በዙሪያው ተመንጥሮ ሲያልቅ፣ ምኒልክ እንደ ቀድሞው ነገሥታት ድንኳናቸውን ነቅለው ሌላ ቦታ ለመትከል አሰቡ። በምዕራብ በኩል 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት መሠራት ተጀመረ። ከተማዋን ያዳናት በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ይደርሳል፣ ሲቆረጥ እንደገና ያቆጠቁጣል። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ፤ እንጦጦም በባሕር ዛፍ ተሸፈነ። ከዚያ በኋላ ሰው ሊቆይባት መጣ። በ1909 ባቡሩ ከጅቡቲ ሲደርስ ጨው፣ ጨርቅና ቆርቆሮ ብቻ ሳይሆን አረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ሕንዱ ነጋዴ ይበልጥ የሚመላለስባት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ በሣር ጣሪያ ላይ የሚበዛባት ከተማ ሆነች።

ጣልያን በአምስት ዓመቱ ብዙ አፈረሰ፣ ጥቂት ሠራ። ለዚህ ምዕራፍ የሚጠቅመን አንዱ ብቻ ነው፤ የነጭና የአገሬውን ሰው ሰፈር እለያለሁ ብሎ በጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው። መርካቶ የተወለደው በዚህ ነው። ለማግለል የታሰበው ቦታ የአገሪቱ ንግድ ልብ ሆነ። ከነጻነት በኋላ ከገጠር የመጣው ነጋዴ፣ በተለይም ጉራጌው፣ ከአረቡና ከሌላው የውጭ ነጋዴ እየተማረ፣ ሱቁንም እየተረከበ ሄደ። ጎጃም በረንዳ፣ ጭድ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እያሉ የሚሄዱ የመርካቶ ስሞች ማን ከየት መጥቶ የት እንዳረፈ፣ ምን ይዞ እንደመጣም የሚናገሩ ናቸው።

የመጤው ትልቁ ፈጠራ ግን ሱቅ አይደለም፤ ዕድር ነው። ብዙ ሰው ዕድርን ከገጠር የመጣ ጥንታዊ ልማድ አድርጎ ያስበዋል። መዝገብና ዳኛ ያለው፣ ወርሃዊ መዋጮ የሚሰበስብ፣ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የሚያስቀምጥ ዕድር ግን በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ከከተማ ኑሮ ጋር አብሮ የበቀለ መሆኑን ነው ያጠኑት ሰዎች አብዛኞቹ የሚስማሙበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገጠር የሞተን ሰው የሚቀብረው ዘመዱና አጥቢያው ነው፤ መዝገብ አያሻም። አዲስ አበባ ግን ጎረቤትህ ከሌላ አገር የመጣ፣ ምናልባትም ሌላ ቋንቋ የሚናገር፣ ሌላ ሃይማኖት የያዘ ነው። ማን ማንን እንደሚቀብር አስቀድሞ መጻፍ ነበረበት። ዝምድና በወር መዋጮ ተተካ ማለት ነው። ለእኔ ይህ ከየትኛውም ሕንፃ የሚበልጥ የከተማ ሥራ ነው።

ከተማ የገባው ሰው ያገኘውን ወደ ኋላም ይመልስ ነበር። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው፣ ከሊስትሮው ሣንቲም ከባለሱቁ ብር እየሰበሰቡ ወደ ትውልድ አገራቸው መንገድ አስጠርገዋል። መንገዱ ሲከፈት ቡናውና በርበሬው ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ልጁም አብሮ መጣ።

* * *

ሐምሌ 19 ቀን 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከሚኖርበት አንድ ቤት በላይ ያለው ትርፍ ቤት ተወረሰ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠው ቤቶች ለቀበሌ ሲሰጡ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ኪራይ ቤቶች ወደሚባለው መሥሪያ ቤት ሄዱ። ኪራይም ተቀነሰ።

ይህ አዋጅ ከተማዋን በሁለት ተቃራኒ መንገድ ነው የቀረጻት፤ አንዱን ብቻ የሚያወራ ሰው ግማሹን ነው የሚያወራው። በአንድ በኩል ቤቱን ገደለው። በወር ጥቂት ብር ብቻ የሚከፈልበት የጭቃ ቤት በዚያ ኪራይ ሊጠገን አይችልም፤ ቀበሌው ገንዘብ የለውም፤ ነዋሪው ደግሞ የራሱ ስላልሆነ፣ ያለ ፈቃድም አንድ ምሰሶ መቀየር ስለማይችል እጁን ይሰበስባል። የግል ቤት አሠርቶ ማከራየትም በሕግ ክልክል ሆኖ ቆየ። ስለዚህ ሕዝቡ ሲጨምር ቤቱ አልጨመረም፤ የተጨመረው ቤቱ ውስጥ ነው። ቆጥ ተሠራ፤ ከላይ ልጆቹ ይተኛሉ፣ ከታች ወላጆች። በማጀቱ በኩል ላሜራ ተለጥፎ አንድ ደባል ገባ። የደባሉ ኪራይ የዋናውን ተከራይ የቀበሌ ኪራይ ከፍሎ ለቤተሰቡ ምሳ ይተርፋል። አዲስ አበባ በነዚያ ዓመታት የመጣውን ሰው ሁሉ የዋጠችው በዚህ ሁኔታ ነበር።

በሌላ በኩል አዋጁ ሰፈሩን አጸናው። ኪራይ ስላልጨመረ ማንም ማንንም አላስወጣም። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ በአንድ ግቢ አደጉ። ውሃው ከአንድ ቦኖ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ የልብስ ማስጫ ገመዱም የጋራ። ቡናው በተራ ይጠራል። ልጅ ትምህርት ቤት ውሎ ሲመጣ እናቱ ከሌለች የሚበላበት ቤት ሦስት አለ። ጉሊት የምትቸረችረው ሴት ቲማቲሙን በዱቤ የምትሰጠው ደሞዙ መቼ እንደሚወጣ ለምታውቀው ሰው ነው። ይህን እንደ ገነት የሚያወሩት አሉ፤ እኔ ከነሱ ጋር አይደለሁም። የጋራው ሽንት ቤት ሲሞላ የሚፈስበት ግቢ ውስጥ በክረምት ያለፈ ሰው ገነት አይለውም። ጠብም ነበር፣ ሐሜትም ነበር። ግን ያ ኑሮ ገንዘብ የሌለው ሰው በገንዘብ ፋንታ የሚጠቀምበት ነገር ነበረው፤ ጎረቤቱን።

አዲስ መጪውን በር ላይ የሚጠብቀው ደግሞ ወረቀት ነው። የአዲስ አበባ መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል፤ እዚህም በቤቱ አድራሻ የሚያስመዘግበው ሰው መገኘት አለበት። ገጠር መሬት ያለው ሰው ደግሞ ሸጦ መምጣት አይችልም፤ መሬት አይሸጥምና። ጥሎት ቢመጣና ቢቆይ ይዞታውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ አባወራው እዚያው ይቀራል፤ የሚመጣው ልጁ ነው፤ ከልጆቹም ብዙ ጊዜ ሴቷ ናት። በ1999ኙ ቆጠራ በአዲስ አበባ ሴቶች ከወንዶች በ130 ሺህ ገደማ ይበልጡ ነበር። አንዷ ሳትፈልግ ልትዳር ስትል ሸሽታ፣ ሌላዋ አክስቷ “ላስተምራት” ብላ ወስዳት፣ ሌላዋ በደላላ እጅ መጥታለች። የሚጠብቃት የቤት ሠራተኝነት ነው። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲል በየሰፈሩ ደብተራቸውን በነጠላ ሥር ይዘው፣ የሽንኩርት ሽታ ከእጃቸው ሳይለቅ ወደ ማታ ትምህርት የሚሮጡትን ልጆች ያየ ሰው አዲስ አበባ በማን ጉልበት ቁርሷን እንደምትበላ ያውቃል። ከእነሱ ብዙዎቹ ጥቂት ብር ሲያጠራቅሙ ደግሞ ፓስፖርት አውጥተው ወደ ቤሩት፣ ወደ ጂዳ፣ ወደ ዱባይ ይቀጥላሉ። ለእነሱ አዲስ አበባ መድረሻ ሳትሆን ማረፊያ ነበረች።

* * *

በ1990ዎቹ አጋማሽ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ ገርጂ ላይ በሙከራ የተጀመረው ኮንዶሚኒየም ይህን ሁሉ ቀየረው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ርካሽ ብሎኬት፣ መሬቱ ከመንግሥት፣ ሥራው ለጥቃቅን ማኅበራት፤ ገዢው 20 በመቶውን ቆጥቦ ይከፍላል፣ 80 በመቶውን ባንክ ያበድረዋል። ቤቱ በዕጣ ይወጣል፣ 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ። የመጀመሪያው ዕጣ በ1998 ወጣ። በ2005 እንደገና ምዝገባ ሲከፈት ከ800 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ፤ የቤት ርሃቡ ያን ያህል ነበር። ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጨ፤ ትናንት የጤፍ ማሳ የነበሩ ቦታዎች የብሎክ ቁጥር የሚጠራባቸው ሰፈሮች ሆኑ።

መሐንዲሶቹ ሰውየው ከነልማዱ እንደሚመጣ አልዘነጉም፤ ይህን መናገር ተገቢ ነው። በየግቢው ኮሚናል የሚባል ቤት ሠሩ፤ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ድግስ የሚሰናዳበት። ሐሳቡ ግን ከኑሮው ጋር አልገጠመም። ሦስተኛ ፎቅ ያለች ሴት ሊጡን ተሸክማ ወርዳ፣ ማገዶ ይዛ ተራ ጠብቃ አትጋግርም፤ የኤሌክትሪክ ምጣዷን ጠባቧ ማብሰያ ቤት ውስጥ ትሰካለች፣ መብራቱ ከሄደ ትጠብቃለች፣ አለዚያም ሱቅ ወርዳ እንጀራ ትገዛለች። ሙቀጫ ስትወቅጥ የታችኛው ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ይመታባታል። በርበሬ በረንዳ ላይ ይሰጣል፤ አልፎ የሚሄድ ሁሉ ያስነጥሳል። አንዳንዱ ኮሚናል ተከራይቶ ቢሮ ወይም መዋዕለ ሕፃናት ሆኗል። ለሐዘን ድንኳኑ የሚተከለው መኪና ማቆሚያው ላይ ነው፤ ለቀስተኛው አራተኛ ፎቅ ሊወጣ አይችልማ። አስከሬኑን በዚያ ጠባብ ደረጃ ማውረድ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው የፕላኑን ሠሪ ያስታውሳል።

ይህ ግን ሊለመድ የሚችል ነው፤ ተለምዷልም። ያልተለመደው ሌላ ነው። ዕጣ የወጣለት ሁሉ ቤቱ አልገባም። የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ የማይችለው ድሃ፣ የወጣለትን ቤት ለሚችል ሰው አከራይቶ ራሱ ሌላ ቦታ አንድ ክፍል ይዟል፤ መሸጥ የተከለከለበት አምስት ዓመት ሲሞላም ብዙው ሸጧል። የገዛው ከሳዑዲ ገንዘብ የላከች እኅት፣ አሜሪካ ያለ ወንድም፣ ወይም ነጋዴ ነው። በዚህም ኮንዶሚኒየም ለድሃ የተሠራ ቤት ከመሆን ይልቅ ድሃ ያገኘው የአንድ ጊዜ ሀብት ሆነ። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ በዚያ ገንዘብ ልጅ ያስተማረ፣ ሱቅ የከፈተ አለ። ነገር ግን ከተማዋ ከቀድሞው ይበልጥ ሰዎች እንደ ገንዘባቸው የሚለያዩባት መሆን ጀመረች። ደጃች ውቤ ሰፈር ዘበኛውና ባለፋብሪካው በአንድ በር ይወጡ ነበር።

ሰፈሩ የፈረሰበት ሰው ሁኔታ ደግሞ ከዚህ ይለያል፤ እሱ ዕጣ አልጠበቀም፣ ተነሣ ተባለ። ልደታ፣ ከዚያ የአራት ኪሎው ባሻ ወልዴ ችሎት፣ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የፒያሳው ዶሮ ማነቂያና አብዛኛው ካዛንቺስ። ከካዛንቺስ የተነሡት ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ሄደዋል። የተሰጣቸው ቤት ከለቀቁት የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ሽንት ቤቱ ለብቻ ነው፣ ጣሪያው አያፈስም። የጉሊቷ ሴት ግን ቲማቲሟን ለማን ትሽጥ? ከብሎኩ ሥር ያሉት ሱቆች በጨረታ የተሸጡ ናቸው፤ መንገድ ዳር ብትቀመጥ ደንብ አስከባሪ ይመጣል፤ ከሁሉም በላይ በዱቤ የምታምነው ሰው የለም። ዘበኝነት ወይም ልብስ አጠባ የሚሠራውም ሥራው መሀል ከተማ ቀርቷል፤ ጠዋት ሁለት ታክሲ፣ ማታ ሁለት ታክሲ፣ ያገኘው በታክሲ ያልቃል። በ2008 መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም እነዚህ አዳዲስ ሰፈሮች ድረስ አይሄድም። አንዳንዱ ሰው የድሮውን ዕድር አልለቀቀም። መዋጮውን ለመክፈልና ለመቅበር ከከተማው ዳር ተሳፍሮ ይመጣል፤ ሰፈሩ የለም፣ ዕድሩ ግን አለ።

* * *

ከሰፈረው ሰው ፊት የነበረውን ሰው አንርሳው። ከተማው ሲሰፋ ማሳው የሚወሰድበት ገበሬ በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት የሚያገኘው ካሣ የአሥር ዓመት ምርት ግምት ነበር፤ በ2011 የወጣው አዋጅ 1161 ወደ አሥራ አምስት ከፍ አደረገው። መሬቱ ራሱ የመንግሥት ስለሆነ ዋጋው አይታሰብም፤ የሚታሰበው የሚያበቅለው ነው። ያው ቦታ ግን በሊዝ ሲተላለፍ በካሬ ሜትር በሺዎች ብር ይጠራል። ገበሬው ገንዘቡን እንዴት እንደሚያውለው ማንም አላስተማረውም። ቤት አደሰ፣ ልጅ ዳረ፣ መኪና ገዝቶ ለሾፌር ሰጠ፤ በጥቂት ዓመት አለቀ። ከዚያ በኋላ በገዛ ማሳው ላይ በቆመው ብሎክ ዘበኛ ሆኖ የተቀጠረ፣ ሚስቱም እዚያው ልብስ የምታጥብ ብዙ ነው። ይህ የግል ቁጭት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ2006ና በ2008 በኦሮሚያ የተቀሰቀሰው፣ ብዙ ሕይወት የጠፋበት ተቃውሞ አንዱ መነሻ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የጋራ ማስተር ፕላን ነበር፤ ፕላኑ በጥር 2008 ተሰረዘ። በ2011 የኮዬ ፈጨ ዕጣ ሲወጣም ያው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። ከተማ ማን ላይ ይሰፋል የሚለው ጥያቄ ከቤቱ ዋጋ ቀድሞ ካልተመለሰ ከቤቱ ጋር አብሮ ይሸጣል።

ከተማ ሲሰፋ የገፋውን ነገር ተመልሶ ያገኘዋል፤ ቆሼ አንዱ ምስክር ነው። የረጲው ቆሻሻ መጣያ ከከተማው ውጭ ነው ተብሎ ነበር የተመረጠው። ከተማው ሄዶ ከበበው። ርካሽ ክፍል የሚፈልግ መጤ ከሥሩ ተከራየ፣ ከላዩም ብረትና ፕላስቲክ እየለቀመ ኖረ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ማታ ክምሩ ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ቤታቸው ሕገ ወጥ ነበር ተብሏል። ሕጋዊ የሆነና በእነሱ አቅም የሚከራይ ቤት የት ነበር?

አሁን ወደ ብሎኩ እንመለስ፤ እዚያ ሳይታይ እየተሠራ ያለ ነገር አለና። በ1995 የወጣው የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ ሕንፃ የሚያስተዳድረው የባለቤቶች ማኅበር እንዲሆን ይደነግጋል። የውሃው ፓምፕ ሲበላሽ፣ የጥበቃ ደመወዝ ሲጨምር፣ አጥር ሲታጠር የሚወስነው እሱ ነው። በየብሎኩ ግን ብዙው ነዋሪ ተከራይ ነው፤ ባለቤቱ ሌላ ሰፈር ወይም ሌላ አገር ይኖራል። ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣው ሰው መወሰን አይችልም፤ መወሰን የሚችለው አይመጣም። ስለዚህ የየግቢው ዕድር የማኅበሩን ሥራ እየያዘ ሄዷል፤ ቧንቧ ሠሪ የሚጠራው፣ የተጣሉ ጎረቤታሞችን የሚሸመግለው፣ ሌባ ሲመጣ ጥበቃውን የሚጠይቀው የዕድሩ ዳኛ ሆኖ ይገኛል። ዕድሩ ግን የራሱ ችግር አለበት። ተከራይ ይግባ ወይስ አይግባ? ባለቤቶቹ “ዛሬ አለ፣ ኪራይ ሲጨመርበት ይሄዳል፤ ድንኳናችንን ተጠቅሞ መዋጮውን ሳይጨርስ ይጠፋል” ይላሉ። ተከራዩ በበኩሉ “ብሞት ማን ሊያነሣኝ ነው?” ይላል። አንዳንዱ ዕድር መመዝገቢያውን ለተከራይ ከፍ አድርጎ አስገብቷል፤ ሌላው ሙሉ ጥቅም የሚሰጠው ከተወሰነ ጊዜ ቆይታ በኋላ ነው፤ ሰፈር ቢለውጥም መዋጮውን እስከላከ ድረስ አባልነቱን የማይሰርዝም አለ። በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ፣ በላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው በእነዚህ አንቀጾች ላይ የሚከራከሩት ሰዎች መዝገቡ ላይ የትውልድ አገራቸው ቢጻፍ ከአሥር የማያንስ ቦታ ይሞላ ነበር። በአብዛኛው ዕድር መዝገብ ላይ ግን የሚጻፈው ስም፣ የብሎክ ቁጥር፣ የቤት ቁጥርና ስልክ ብቻ ነው።